የደጋው ሕንፃ አስጎብኚ

ዓባይነህን ዝም በል ከማለት የሰበታን የክረምት ዝናብ አባራ ማለት ይቀላል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። በዩኒቨርሲቲያችን የሰበታ ግቢ፣ ሬጅስትራር ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተጋጥመን ስንሠራ ብዙ ዓመታችን ነው። ከሚስቱ ይልቅ እኔ ሰማሁት እንዳልል ደግሞ ሚስት አልነበረውም፤ ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ቆሞ ቀር ነበር።

ፍቅሩ ሁሉ አሮጌው ሕንፃ ላይ ነው። አዳዲሶቹ ፎቆቻችን መስታወት ብቻ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ውስጣቸው መቀመጥ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው። አሮጌው ግን ጥርብ ድንጋይ ነው። ፊት ለፊቱ በቅስት የተያያዙ ዓምዶች አሉ፣ ከነሱ ኋላ ሰፊ በረንዳ፣ መስኮቱ ላይ ሰው እግሩን አጥፎ የሚቀመጥበት ወፍራም ግድግዳ። በንጉሡ ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ተሠራ፣ በደርግ ጊዜ እህል ተከማቸበት፣ ዛሬ ቤተ መጻሕፍታችን ነው። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው ፈልጌ አይደለም። ዓባይነህ በየዓመቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ አዲስ ተማሪዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሰበሰበ ሲያስጎበኝ ድምፁ ቢሮዬ ድረስ ይመጣል።

ጉብኝቱ ደረጃው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል። «የአካባቢው ሰው ይህን ሕንፃ ደጋ ቤት ይለዋል። ለምን? ሰበታ ወይና ደጋ ናት፤ ይህን ደረጃ አልፋችሁ ስትገቡ ግን ብርዱን ታዩታላችሁ፣ ደጋ ነው!» ተማሪው ይስቃል። ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተረፈች ናት። መጽሐፍ መደርደሯን ትታ በር ላይ ቆማ ትሰማውና እስክታነባ ትስቃለች።

«ሶል፣ ሳቋ ገደለኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«እና ምን ይሁን?»

«ሽማግሌ ሁነኝ።»

ተናደድኩ። እኔ ከሱ የምበልጠው በሁለት ዓመት ነው፤ ማን ሽማግሌ አደረገኝ? ግን ለዚህ ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም። ሁለት ጎረቤቶቹን ይዤ ወደ ተረፈች አባት ዘንድ፣ መናገሻ ሄድን።

ኦቦ ቦጂያ ሰማንያን ያለፉ ገበሬ ናቸው። «አካም ቡልተኒ» ብለን ገባን፣ እንደ ወጉ ቆመን ጠየቅን። እሳቸው ዘሩንም ደመወዙንም አልጠየቁም። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብቻ አሉ። እኔም ስለ ጉብኝቱ ነገርኳቸው።

«የቱን ሕንፃ? ባለ ቅስቱን?» ቀና አሉ። «እኔ ወጣት ሆኜ ድንጋይ ያቀበልኩበትን? በሉ ቅዳሜ መጥቼ ልስማው። መልሴን እዚያው እሰጣለሁ።»

ዓባይነህ ይህን ሲሰማ እህል አልበላ አለ። ቅዳሜ ኦቦ ቦጂያ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ተማሪዎቹ ከበቡ። ዓባይነህ እንደ ፈራሁት አልተንተባተበም፤ እንዲያውም ያን ቀን አማረበት። ስለ ቅስቶቹ አወራ፣ ስለ እህሉ ዘመን አወራ፣ ደረጃው ላይ ደረሰ። «ደጋ ነው!» አለ።

ተማሪው ሳቀ። ኦቦ ቦጂያ አልሳቁም።

«ምን አልክ ልጄ?»

ደገመላቸው። ብርዱንም ወይና ደጋውንም ጨምሮ አስረዳቸው።

«ደጋ ሚቲ!» አሉ ሽማግሌው። «ደጋ አይደለም። ዸጋ! መነ ዸጋ። ድንጋይ ቤት ማለት ነው በኛ።» ያችን ጉሮሮ ይዛ የምትወጣዋን «ዸ» ጫን አሏት።

 እኔ ራሴ ያን ሁሉ ዓመት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ተማሪዎቹም፣ ተረፈችም፣ ኦሮምኛ የምንችል ሁሉ፣ ዓባይነህ ሆን ብሎ በቃላት የሚጫወት መስሎን ነው የሳቅነው። ለካ ሰውየው ከልቡ ነው። አለቀለት አልኩ በሆዴ። ዓባይነህ እንደሆነ ስለዚህ ሕንፃ ከተነኩት ከዲኑም ጋር የሚጣላ ሰው ነው።

ዓባይነህ ተረፈችን አያት፤ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። እኔን አየኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ይስቅ ጀመር፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ። «እና ይሄ ሁሉ ዓመት የምትስቁት በኔ ነበር?» እያለ።

ሲበቃው ተነሣ። «ተማሪዎች! እስካሁን ያልኩትን ደጋ ሰርዙልኝ። የዛሬው አስጎብኚ እሳቸው ናቸው።» የኦቦ ቦጂያን ክንድ ይዞ ደረጃውን አወጣቸው። «አባቴ፣ ሲሠራ ምን ነበር የመሰለዎት? ይንገሩን።»

ሽማግሌው አንዱን ዓምድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ማን ነግሮን! ቅስቱ ከፍ ሲል ጊዜ እኛ የፈረስ ቤት የምንሠራ መስሎን ነበር። ፈረሰኛው ሳይወርድ እንዲገባ ነው ተባባልን። ይህ ምን ዓይነት ትልቅ ፈረስ ነው እያልን ስንስቅ ስንስቅ ጨረስነው።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ዓባይነህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም ብል ማን ያምነኛል? ግን አልተነፈሰም። አፉን ከፍቶ ሲሰማ ሳየው ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

በመጨረሻ ኦቦ ቦጂያ ዞር ብለው «በል አሁን ቃሏን በላት» አሉት።

«ደጋ» አለ ዓባይነህ።

«ዸጋ።»

«ጠጋ።»

ተማሪዎቹ መሬት ላይ ሊወድቁ ደረሱ። እኔ ያን ጊዜ ሽማግሌነቴ ትዝ አለኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ኦቦ ቦጂያ፣ መልሱስ?»

ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። «ቶሌ» አሉ። «እሺ ብያለሁ። ምላሱን አንቺ ታቃኚዋለሽ ልጄ። በራሱ የሚስቅ ወንድ ግን እኔ በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም፤ እንዳያመልጥሽ።»

የሙሽራ ወግ አንገት መድፋት ነው። ተረፈች ግን ነጠላዋን ከአፏ አነሣችና እልልታውን ራሷ አቀለጠችው።