እህቴን የመለስኩበት መንገድ

ባለፈው ሳምንት ጀሞ ታክሲ ተራ ስወርድ አንዲት ሴት እሸት ሽምብራ ከነቅጠሉ እያሰረች ትሸጥ ነበር። አንድ እስር ገዛሁና አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዤው ወጣሁ። ባለቤቴ ፈልፍላ በሳህን አቀረበችልኝ። ሁለት ፍሬ ቀምሼ ሳህኑን ገፋ አደረግሁት። እሷም ለምን እንደሆነ ስለምታውቅ አነሳችው።

አሁን የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የተሠራበት ሜዳ ከሠላሳ ዓመት በፊት እርሻ ነበር። ክረምት ላይ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። በጥር ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ መሐል ሽምብራ ያፈራል። ከመካኒሳ አቦ ተነስቶ በዚያ እርሻ መሐል የሚያልፍ የእግር መንገድ ነበር። ታናሽ ሆኜ ታላቅ እህቴን እየመራሁ የሄድኩት በዚያ መንገድ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አባታችን ሞቷል፤ ከእናቴ ጋር መካኒሳ አቦ ባለችን ሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። ወይንሸት በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ካገባች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባሏ ጌታሁን ከጀሞ ማዶ በነበረ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነው፤ ቤታቸውም እዚያው አቅራቢያ ነበር። እኔንም እዚያው በጊዜያዊነት ያስገባኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ጌታሁን እያልኩ ነበር የምጠራው። ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ ታማሚ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን ይመታል ብሎ ማን ይጠረጥራል እንዳልል፣ እኔ አውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር አይቼ ዓይኔን ወደ ሌላ አዙሬያለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ ወይንሸት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና እናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እናቴ ጨው ባለበት ሞቅ ያለ ውሃ ጨርቅ እየነከረች ጉንጯን ታብሳለች። ነጠላው ሲገለጥ ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ለእናቴ የነገረቻትን እኔም ሰማሁ። የዚያን ቀን ጠቡ በወጥ ጨው ነው የተነሳው። ከዚያ በፊት በአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። ከዚያም በፊት የነበረውን ምክንያት ረስታዋለች። ከእንግዲህ ምክንያት መፈለግ ስለደከማት ወደዚያ ቤት እንደማትመለስ ነገረችን። አላለቀሰችም። እናቴ ወደ እኔ ዞራ የቤቱ ወንድ አንተ ነህና አንተ ምን ትላለህ አለችኝ። እናየዋለን አልኩ። አባቴ ሲቸገር የሚላት ቃል ነበረች፤ ከአፌ ስትወጣ ደስ አለችኝ።

በማግስቱ ጌታሁን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ጠራኝ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበር። ተቆጥቶ ይመጣል ብዬ ስፈራ ትከሻዬን አቅፎ ጥላ ሥር ወሰደኝ። ባልና ሚስት ይጋጫል፣ እሱም አጥፍቷል፣ እሷም ግልፍተኛ ናት፣ ነገሩ ጎረቤት ጆሮ ሳይደርስ ቢያልቅ ለእናታችንም ክብር ነው ብሎ በረጋ ድምፅ አወራኝ።

«አንተ የበሰልክ ልጅ ነህ» አለኝ። «አንተ ካልካት ትሰማለች።»

ከዚያ ወሬውን ለውጦ በሚቀጥለው ሳምንት ቋሚ የሚሆኑ ሠራተኞች ስም ዝርዝር እንደሚወጣ ነገረኝ። ይህን ብታደርግ ያንን አደርግልሃለሁ አላለም። ሁለቱን ያያያዝኳቸው እኔ ነኝ። ለብዙ ዓመት ጌታሁን ደለለኝ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድም ነገር ቃል አልገባልኝም።

የዚያን ዕለት ማታ እህቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መከርኳት። የእናታችንን ደም ግፊት አነሳሁ። የሰፈሩን አፍ አነሳሁ። ትዳር በአንድ ጥፊ አይፈርስም አልኩ። አንድ ጥፊ እንዳልነበረ እኔም እሷም እናውቃለን። ወይንሸት እስክጨርስ ሰማችኝና ወጥታ ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ እሺ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ አለች። እናቴ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ የደስታ ዕንባ መሰለኝ።

እሁድ ፀሐዩ ደማቅ ነበር። እኔ ፊት ፊት፣ እሷ በጥቂት እርምጃ ወደኋላ ሆና ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ አዴ ብርቄ ከሽምብራ ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለው አገኘናቸው። አዴ የኦሮምኛ የእናት መጠሪያ ነው፤ አዴ ብርቄ የአካባቢው ገበሬ ናቸው፤ ለሰፈራችን ወተት የሚያመጡልን እሳቸው ስለሆኑ ከልጅነታችን ጀምሮ ያውቁናል። ሰላም ካሉን በኋላ እሸት ነቅለው ሰጡን። ከዚያ የወይንሸትን ነጠላ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ፊቷን አዩ። በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ጠየቋት። ከእኔ ይልቅ እሷ ቋንቋውን ትሰማለችና ራሷን ነቀነቀች። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ ትዋል» አሉኝ። «ትደርም። ሌላውን ነገ ታስቡበታላችሁ።»

ባሏ ምሳ አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው አልኳቸው። በትህትና ነው ያልኩት፤ እጅም ነስቻለሁ። አዴ ብርቄ ነጠላዋን መልሰው ሸፈኑላት።

ማሳውን እንዳለፍን ወይንሸት ቆመች።

«ጥፋቷ ምንድን ነው ብለህ ጠየቅኸው?» አለችኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር። ለመጠየቅም አላሰብኩም። እቴቴ፣ ያለፈውን ብናነሳ ምን ይጠቅመናል አልኳት። አየችኝ። ደህና የሆነው ዓይኗ ላይ ያየሁት ንዴት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሷ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔ ተከተልኳት። አሳዳጅ እመስል ነበር።

ጌታሁን በር ላይ ተቀበለን። እኔን አገላብጦ ሳመኝ፤ እሷን ግቢ አላት። ምሳ ቀረበ። ሦስታችን አንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ቀይ ወጥ ነበር። ጌታሁን ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ አመጣው። ያን እጅ ከቅርብ አየሁት፤ አጥንቱ ላይ ቆዳው ተልጦ ቅርፊት ይዟል። አፌን ከፈትኩ። ደግሞም ጉርሻ ሁለት ነው ብሎ ሲደግመኝ ጎረስኩ። ወይንሸት ትሪው ላይ አቀርቅራ ነበር። ስሰናበት ለእናቴ ደህና ነኝ በላት ብላ ላከችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቋሚ ሆንኩ።

የዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጌታሁን ግራ ጆሮዋን መታት። ያ ጆሮ እስከ ዛሬ አይሰማም። በጠራራ ፀሐይ ከቤት ወጥታ በዚያው መንገድ መጣች፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰችም። አዴ ብርቄ ቤት ገባች። እኛ ያወቅነው በሦስተኛው ቀን አዴ ብርቄ ወተት ይዘው ሲመጡ ነው። ማሰሮውን ሳያወርዱ ደጅ ላይ ቆመው ነገሩን። እናቴ ነጠላዋን ሳትለብስ ወጣች፤ ተከትያት ሮጥኩ።

ወይንሸት ከአጥሩ ወዲያ ሆና አነጋገረችን። ጆሮዋ በጨርቅ ታስሯል። እናቴ ወደ ቤትሽ ነይ ብላ ለመነቻት።

«እማዬ፣ ናፍቀሽኛል፤ እዚህ እየመጣሽ እይኝ» አለች። ከዚያ ለእኔ፣ «ከእናንተ ቤት ወደ እሱ የሚመልስ መንገድ አለ። ከዚህ ቤት የለም።»

ጌታሁን በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩና አላየሁም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ። የአዴ ብርቄ ልጆች ልንመልሳቸው ሲሉ ወይንሸት ተዉ ብላ ራሷ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ይቅርታውን፣ ልማዱን፣ የትዳርን ክብር ሲዘረዝሩ ደህና በሆነው ጆሮዋ አዳመጠቻቸው። እኔ ክብር ያጣሁበትን ቤት ትዳር አልለውም አለቻቸው። ልብሴን ቢልክልኝ እለብሰዋለሁ፣ ካልላከም ይቅር ብላ ገባች። ልብሱ አልመጣም። ፍቺውን በፍርድ ቤት ጨርሳ ከአዴ ብርቄ ጋር ወተት መሸጥ ጀመረች። ከዓመታት በኋላ መካኒሳ ላይ የራሷን ወተት ቤት ከፈተች፤ ዛሬም አላት። እርጎዋን ፈልጎ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አለ።

እኔስ? ሥራዬን የለቀቅኩ ይመስላችኋል? ጌታሁን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ከሥሩ ሠራሁ። ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ ጋሼ እለው ነበር። እሱም ደህና፣ ቤተሰብ ሰላም ነው ይለኝ ነበር። በዚያ ደመወዝ አገባሁ፣ ልጅ አሳደግሁ። እህቴን ከመለስኩበት ቀን ይልቅ የሚያሳፍረኝ እነዚያ ሰላምታዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በልጅነት አሳብቤዋለሁ። ለእነዚያ የማሳብብበት የለኝም።

ይቅርታ የጠየቅኳት እናታችን በሞተች ጊዜ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። በቀኝ ጎኗ ቆሜ ተናገርኩ። ሥራዋን አላቆመችም።

«ይቅር ካልኩህ ቆይቷል» አለችኝ። «አንተን ማመኑ ነው ያቃተኝ።»

እኔም ብርጭቆዎቹን እያደረቅሁ ደረደርኩ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስተነው አናውቅም። እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፤ እርጎ ትሰጠኛለች፤ ስለ መኪና መንገዱ መጨናነቅ፣ ስለ ወተት መወደድ እናወራለን።

እኔና ባለቤቴ አንድ ልጅ አለችን፤ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረውም ከእኛ ሦስት ሕንፃ ራቅ ብላ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወይንሸት ደወለችልኝ። እሷ ስልክ የምትደውል ሰው አይደለችም።

«ልጅህ እኔ ጋ ናት» አለች። «ደህና ናት። ለጊዜው አትምጣ።»

ምን ሆነች አልኩ። እሷ ስትፈልግ ትነግርሃለች አለችኝና ዘጋች። ጃኬቴን ለብሼ ደረጃውን ወርጄ ነበር፤ ታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። የአባቷ ቤት እዚህ፣ ከበሯ አምስት ደቂቃ እያለ፣ ልጄ ታክሲ ይዛ መካኒሳ ሄደች። አንድ ጎረቤታችን ዕቃ ተሸክማ ስታልፍ አሞህ ነው እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አየር እየተቀበልኩ ነው አልኳት።

ዛሬም አልሄድኩም። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ። ልጄ የአክስቷን ታሪክ ከማን እንደሰማች አላውቅም፤ ከእኔ አይደለም። ማንም የማይመልሳት ቤት አላት፤ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ያ ቤት የእኔ አለመሆኑ ግን የእጄ ሥራ ነው።