ተከዜ አፋፍ ላይ ያልጠፋችብኝ በቅሎ

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ ሰውዬው፣ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ።

ያለነው ተከዜ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ዘመኑ ደርግ። እኔ ሰቆጣ የተመደብኩ ወጣት አስተማሪ ነኝ፣ እሱ ደግሞ የአካባቢው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር።

እውነቱን ለመናገር ምንም አልጠፋኝም ነበር። ተወልጄ ያደግሁት አሰብ ነው። እዚያ ፀሐይ በረድ ሲል የባሕሩን ዳር ይዞ መሄድ፣ ዓለት ላይ ወጥቶ መቀመጥ የሁሉም ሰው ሥራ ነው፤ ማንም ማንንም ምን ፈለግሽ አይልም። ሰቆጣ ስመጣ ባሕሩ ክፉኛ ናፈቀኝ። ታዲያ የቤት አከራዬ ጋሽ ሰይድ፣ ጨው በአህያ ጭነው ኒሯቅ ገበያ የሚመላለሱ ነጋዴ፣ አንድ ቀን «ተከዜ አፋፍ ላይ ስትቆሚ እኮ ምድር እዚያ ያለቀች ነው የሚመስልሽ» አሉኝ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ቤት ለጥር ዕረፍት ሲዘጋ ለምኜ ለምኜ አብሬያቸው ወጣሁ።

«ምን ልታደርጊ?» ብለውኝ ነበር።

«ላይ ነዋ።»

«ምኑን?»

«ገደሉን።»

«ገደል ሰው ይሸሸዋል እንጂ ስንቅ ይዞ ሄዶ ያየዋል?» አሉና ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ እሳቸው አህዮቹን ሊያሳርፉ ቆሙ፤ እኔ ጠርዙን ይዞ የሚሄደውን የፍየል መንገድ ተከተልኩ። በግራ በኩል የታጨደ ማሳ፣ በቀኝ በኩል... ምንም። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ተከዜ ቀጥኖ ይታያል። ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች ተደጋግፈው የቆሙበት ቦታ ደረስኩ። ነፋሱ በመሃላቸው ሲያልፍ ድምፁ ቁርጥ የባሕር ነው። እንባዬ መጣ። ከቋጥኞቹ ሥር አንድ ሰው አጥፎ ያስቀመጠው አጎዛ ነበር፤ የእረኛ ይሆናል ብዬ ዘርግቼ ተቀመጥኩበት።

ሊቀመንበሩ ያገኘኝ እንግዲህ እንደዚያ ፈዝዤ ነው። «ለማየት ነው የመጣሁት» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ሰይድ ከኋላ ደረሱ። በዚያ ዘመን ያለ ጉዳዩ ወንዝና ገደል የሚያይ ሰው፣ ለማን እንደሚያይ ይጠየቃል።

«በቅሎ ጠፍታባት ነው» አሉ ፈጠን ብለው።

የሊቀመንበሩ ፊት ወዲያው ተለወጠ። «በቅሎ? ታዲያ ምን ያስቀምጣችኋል?»

እጁን አፉ ላይ አድርጎ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣጝኛ፣ ወደ ታች ተጣራ። የታችኛው መንደር ተቀበለው፣ ከዚያ የማዶው ተቀበለ። አውድማ ላይ የነበሩት ሰዎች በሬዎቻቸውን ፈተው በየአቅጣጫው ተበተኑ። በዚያ አገር የእንግዳ ከብት ጠፋ ከተባለ ሌላ ሥራ የለም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ይሻላል?»

«ዝም በይ። ሲደክማቸው ይመለሳሉ።»

አልደከማቸውም። ጀምበር ሳትጠልቅ በቅሎ ይዘው መጡ።

ጋሽ ሰይድን ላብ አጠመቃቸው። የኔ ናት ብል የሰው በቅሎ ልወስድ ነው። በቅሎ የሚባል ነገር የለኝም ብል ደግሞ፣ ዕድሜ ልካቸውን «ሰይድ ካለ እውነት ነው» በሚሏቸው ሰዎች ፊት ጋሽ ሰይድ ውሸታም ሆነው ሊቀሩ ነው። ያውም በኔ አምሮት። በጣም አፈርኩ።

ደግነቱ የጠፋ ከብት የሚሰጠው ምልክቱን ለተናገረ ነው። በቅሎዋን ከጭድ ክምሩ ጀርባ አሰሯትና «ምልክቷን ንገሪን» አሉኝ። ተስፋ አገኘሁ፤ እሷን የማትመስል በቅሎ እናገራለሁ፣ ነገሩም ያልቃል።

«ነጭ ናት» አልኩ።

አንዲት እናት ሄደው አይተው ተመለሱ። «አቧራው ቢራገፍ ነጭ ናት» አሉ።

«ግራ ጆሮዋ ተቆርጧል።»

«እውነት ነው፣ ጫፉ ላይ ጎደል ብሏል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሰው ትናከሳለች።»

«እኔን ነክሳኛለች» አለ ካመጧት ሰዎች አንዱ፣ በጣም ደስ ብሎት።

እንግዳ ባዶ እጇን ከምትመለስ በቅሎዋን ኖራ ለመቀባትም ወደኋላ የሚሉ አልነበሩም።

ይሄኔ ከሌላ መንደር አንድ ሽማግሌ መጡ፤ አቦይ ግደይ ይሏቸዋል። በእጃቸው ከዘራ፣ በብብታቸው... ያ አጎዛ። በቅሎዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ላብ ያጠመቃቸውን ጋሽ ሰይድን አዩ።

«ይቺስ የኔዋ ናት» አሉ ረጋ ብለው። «የመምህርቷን ግን ቅድም የሰቆጣን መንገድ ይዛ ስትሄድ አይቻታለሁ። ቤቷን የምታውቅ በቅሎ ናት፣ አታስቡ።»

ሰው ሁሉ እሰይ ብሎ ወደ አውድማው ተመለሰ። የጋሽ ሰይድ ትንፋሽም ተመለሰች።

አቦይ ግደይ ወደኔ ጠጋ አሉ። «አጎዛዬ ላይ ተቀምጠሽ ነበር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእረኛ መስሎኝ...»

«ምን ልታደርጊ?»

ለእሳቸው መዋሸት አልቻልኩም። «ምንም። ላይ ነበር።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሽማግሌ ገደል ዳር ቁጭ ብሎ ሲያይ ሰው አእምሮው ተነካ ይላል። ከብት ፍለጋ ነው ስል ግን የሚጠይቀኝ የለም። እናም ሲከፋኝ ይቺን እፈታታለሁ። ትጠፋለች፣ እፈልጋታለሁ... ዛሬ ገና ቁጭ እንኳ ሳልል አገኛችሁብኝ» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ተከዜ አፋፍ እወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ያው ሊቀመንበር መንገድ ላይ አገኘኝና «ዛሬስ ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ።

«የአቦይ ግደይ በቅሎ» አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ ፈልጊያት። አቦይም እዚያው ናቸው፣ ገና አልጠገቡም።»

ለካ አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

አሁን እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ብቻሽን ወዴት ነው?» ሲሉኝ «በቅሎ ጠፍታብኝ» እላቸዋለሁ... አእምሮዋ ተነካ ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ።