ነዕማ በቄሱ ፋኖስ ላይ ያየችው

ነዕማ ሬሳ አጣቢ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ አሶሳ የሰፈራችንን እናቶች አጥባና ገንዛ ሸኝታለች። ውሃ የማፈስላት እኔ ነኝ። «ለብ ያለ ይሁን፣ ይሰማታል» ትለኛለች። ሟቿን የምትይዛት እንደ አራስ ልጅ ነው።

ይህቺን ሴት ያስፈራት ፊልም ነው።

ልጇ ሙዳሲር በፍላሽ ያመጣው አሮጌ የውጭ ፊልም ነበር፤ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ዓርብ ከሰዓት ሴቶች ተሰብስበን አየን። ሰይጣን የአንዲት ሟች ገላ ውስጥ ገብቶ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ፋኖስ ይዞ ሊያስወጣው ይገባና እየጸለየ እዚያው ወድቆ ይሞታል። እኛ ዓይናችንን በሻሽ ሸፍነን ስንስቅ ነዕማ አልሳቀችም።

«የፈጣሪን ስም እየጠራ ሞተ?» አለች።

«ፊልም እኮ ነው፣ ዩማ» አላት ሙዳሲር እናቱን።

«እሱ ከሞተ ለእኛ ማን ሊቀር ነው?»

በሳምንቱ ጠዋት የሰፈራችን ልጅ የባቢከር እናት ኡምኩልሱም አረፈች። በሕይወት ሳለች «ከነዕማ እጅ ሌላ እንዳይነካኝ» ብላ ነበር። ቀብሩ ከከሰዓቱ የአስር ሰላት በፊት ሊሆን ተወሰነና ወንዶቹ ሊቆፍሩ ሄዱ። ነዕማ እንደ ልማዷ የሟቿን ሆድ ቀስ አድርጋ ስትጫን፣ ከሟቿ አፍ «እህ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሆድ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ነዕማ ናት። ያን ቀን ግን ጨርቁን ጥላ ወጣች።

ደነገጥኩ። ሌላዋ አጣቢ ያለችው ባምባሲ ነው፤ እሷን ከጠበቅን ቀብሩ ሊያድር ነው፣ የኡምኩልሱምም ቃል ሊቀር ነው። ሟቿን ሸፍኜ ልጄን ሳናን አጠገቧ አስቀመጥኩና ነዕማን ተከተልኳት። ቤቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች።

«ሙዳሲር፣ ያንን ፊልም ክፈተው።»

«አሁን? ለቅሶ እያለ?»

«ክፈተው አልኩህ! ቄሱ ከሚገባበት።»

ጎረቤታችን መነን በአጥሩ አጮልቃ «ያ ረቢ! ጀናዛ አስቀምጣ ፊልም ታያለች!» አለች።

«ግቢና እይ፣ ትኬት የለውም» አለቻት ነዕማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምስሉን አደብዝዛዋለች። ቄሱ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«አቁመው!» ነዕማ ተጠግታ በጣቷ አሳየችኝ። «የሳና እናት፣ ፋኖሱን እይ። መብራቱ ይወዛወዛል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፈርቷል» አለች። «ፈርቶ ነው የገባው። እኔ መሞቱን ብቻ ነበር ያየሁት።»

«ቀሪውን ላሳይሽ?» አለ ሙዳሲር።

«ምን ያደርግልኛል? ውሃው እየቀዘቀዘ ነው!»

ተመለስን። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። «ቢስሚላህ» ብላ ገባች።

«ኡምኩልሱም እህቴ፣ ጥዬሽ ወጣሁ፣ አፉ በይኝ» አለቻት። ከቀኝ ጎኗ ጀመረች። በቁርቁራ ቅጠል ውሃ አጠበቻት፣ ደገመች፣ የመጨረሻውን ጥሩ ሽታ ባለው ካፉር። ስታገላብጣት ያው ድምፅ እንደገና ወጣ። እኔ ጣሳውን ልጥለው ነበር።

«እሺ፣ እሺ፣ ልጨርስ ነው» አለቻት ነዕማ፣ የሚቸኩል ሰው እንደምታባብል።

የአስር አዛን ሳይሰማ ባቢከር በር ላይ መጣ። «አለቀ?»

«ግባና ተሰናበታት» አለችው። «እንደ ሙሽራ ሆናልሃለች።»

ገብቶ የእናቱን ግንባር ሳመ። ነዕማ እጇን አደረቀች፤ እጇ ጸጥ ብሏል። ወንዶቹ ቃሬዛውን አንስተው ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፣ ቀና ብላ።

ሙዳሲር ያንን ፊልም ከፍላሹ ሊያጠፋው ነበር፤ ከለከለችው።

«ተወው፤ ሽማግሌው እዚያው በሩ ላይ ይቁምልኝ» አለች። «ዳግም ስፈራ አየዋለሁ።»