መርቂልኝ

እስካሁን ድረስ ገበያ ላይ አንዷ ቲማቲም ገዝታ ስታበቃ «በይ መርቂልኝ» ስትል ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። ቲማቲሟ ምን አደረገችኝ? ምንም። ቃሉን ነው የጠላሁት። ከፍለው ሲያበቁ በነጻ የሚያስጨምሩትም ምራቂ፣ እጃቸውን ዘርግተው ከአፋቸው የሚያወርዱትም ምርቃት! አንዱ ከሰው ጓዳ ይወጣል፣ ሌላው ከምላስ። ላም ገዝቼ ወተት መሸጥ እስክጀምር ድረስ ግን ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ገንዳ ውሃ ከተማ አስተማሪ ነኝ። የደመወዜን ነገር ተዉት፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። አገሩ ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ሲል እኔ መሬቱም ትራክተሩም የለኝ፤ ስለዚህ ያለኝን ሁሉ አራግፌ ከኮኪት በኩል ካሉ አርቢዎች አንዲት ያረገዘች ላም ገዛሁ። ፈላታ ከሚሉት ዘር ናት፤ ቀይ፣ ቀንደ ረጅም፣ የእኛን ሙቀት ከምንም የማትቆጥር። «ለወተት ነው?» ይሉኛል። የቆላ ላም ወተቷ ምን ያህል ነው? ወተቱ መኖዋን ከቻለልኝ ይበቃኝ ነበር። የምትወልደው ሴት ከሆነች ግን አድጋ ሁለተኛ ላም ትሆነኛለች፤ ከዚያ ደግሞ የሁለቱ ልጆች ይከተላሉ። ንግዴ ጥጃዋ ነበረች።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው እዚሁ የቀሩ፣ ከከብት ጋር ያደጉ። ላሟን ይዤ ስገባ «እሰይ! የከብት ሽታ ናፍቆኝ ነበር እኮ» ብለው በጓሮ በኩል ጥግ ሰጡኝ። ዳሱንም በማሽላ አገዳ አብረውኝ ሸፈኑ። እናት ያገኘሁ መሰለኝ። እናት! ወይ አለማወቅ።

ላሟ ከፋሲካ በኋላ ወለደች፤ ሴት። ብቻዬን እልል አልኩ። ጥጃዋ ገና በእግሯ ሳትቆም አከራዬ ድስት ይዘው መጡ። «እንገሩን ለጎረቤት አቅምሺ እንጂ፣ ይታዘቡሻል።» ይሉኝታ ይዞኝ አለብኩላቸው። ጎረቤቱ እንገሩን እያጣጣመ መረቀኝ፤ ጥጃዋም የተረፈውን ጠባች።

ከዚያ ሽያጩ ተጀመረ። ሦስቱን ጡት አልባለሁ፣ አራተኛውን ለጥጃዋ እተዋለሁ። ውሳኔዬ ይህ ነበር። ግን ማን ያስወስንሻል! ደንበኛው ሁሉ ወተቱን ከተቀበለ በኋላ ኩባያውን መልሶ ይደቅናል። «መርቂልኝ።» ለዚህ ትንሽ፣ ለዚያ ትንሽ። ከየት ይምጣ? ከአራተኛው ጡት ነዋ! አከራዬ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ከገዢው ብሰው ያዙኛል፦ «ኧረ ጨምሪላት፤ ምን አስጨነቀሽ፣ ወተት አይደል!» የራሳቸውን ኩባያ ሞልተው ካስቀመጡ በኋላ ነው እንግዲህ ይህን የሚሉት።

አንድ ቀን ጥጃዋን ሳሻት የጎን አጥንቷ እጄ ላይ ተቆጠረ። በማግስቱ ወተት ሊገዛ ለመጣው ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ ምራቂ የለም» አልኩ። አንዱ ፖሊስ «ቲቸር፣ እንዲህ ንፉግ ነሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ! አከራዬ ሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ ከዚያ ራሳቸው መጥተው «ልክ ነሽ ልጄ፣ ጥጃ ካልጠገበች ምን ዋጋ አለው» አሉ። ጥጃዋም ሥጋ መያዝ ጀመረች፤ ስትጠባ ጭራዋን እያወናጨፈች እናቷን በጭንቅላቷ ትጎሽማት ነበር።

ግንቦት ላይ ለስልጠና ጎንደር ተጠራሁ። ቀረሁ ብል ደመወዜ ይነካል። አከራዬን ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው፦ «እማማ፣ እኔ እስክመለስ አይታለብም። ሁሉንም ጥጃዋ ትጥባ። መኖው እዚህ አለ፣ ውሃውን ባለጋሪው ያመጣል። እርስዎ ጠዋትና ማታ ጥጃዋን መፍታት ብቻ ነው።»

«ምን ቆርጦኝ ነው የማልባት! አፈር ልብላ!» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው መርቀው ሸኙኝ። ከጎንደር ስደውልም «ጥጃሽማ እንዴት ያለች! ትዘላለች እኮ» ይሉኛል። እኔም ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ስመለስ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ በባጃጅ ሰፈር ደርሼ፣ ገና ወደ በሩ ሳልጠጋ ጎረቤታችን ከደጃፏ ተነስታ ሳመችኝ። «ቲቸር፣ እጅሽ አይንጠፍ! እግዜር ይስጥልን!» አለች።

«ለምኑ?» አልኩ።

«ለወተቱ ነዋ! ልጆቼን አጠገብሽልኝ።»

ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ገባሁ። ጥጃዋ ጓሮ ካለው የኒም ዛፍ ሥር በአጭር ገመድ ታስራለች። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ኋላዋ በቅዘን ተለቅልቋል። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረችና ጉልበቷ ከዳት። እናቷ ከወዲያ በኩል ትጮኻለች። አከራዬ ፈገግ ብለው ከቤት ወጡ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ! ስምሽን አስጠራሁልሽ እኮ። ንፉግ ናት ያለሽ ሁሉ አፉን ያዘ። ሰፈሩ በሙሉ ሲመርቅሽ ሰነበተ!»

«ማን ስሜን አስጠሩልኝ አለዎት? ማን?» ጮኽኩባቸው። በእድሜዬ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። «ጥጃዋ ምን ትጥባ ብለው ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ! ውሃ እሰጣታለሁ። ሣሩንም ትልመደዋ።»

ሣሩን! ይቺን ጨቅላ! እኔ አላወቅሁም ብል ያምርብኛል፤ መጽሐፍ ሳገላብጥ ያደግሁ ነኝ። እሳቸው ግን በረት ውስጥ ያደጉ ሴት፣ ጥጃ በምን እንደምታድግ ጠፍቷቸው ነው? አልጠፋቸውም። ምርቃቱ ጣማቸው። ኩባያ ይዞ የሚመጣው ሁሉ እሳቸውን «እማማ» እያለ ጉልበት ሲስም ዋለ፤ በእኔ ጥጃ ጉሮሮ ደግ ሴት ሆኑ።

የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት፤ ሲሄድ ግን ዓይኔን አላየኝም። በጠርሙስ ላጠጣት ሞከርኩ፤ ወተቱ በአፏ ጎን ፈሰሰ። በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ እንዳደረገች ሞተች። ላሟም ወተቷን ያዘች። ልጇን ካላየች አንዲት ጠብታ አትለቅም።

እዚህ አገር መላ አለው፤ መላ ከተባለ። የጥጃዋ ቆዳ ተገፈፈ፣ በጨው ታሽቶ ደረቀ፣ ውስጡ ገለባ ተጠቀጠቀ። ላሟ አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩት። አሸተተችው፣ አየችኝ፣ ከዚያ መላስ ጀመረች። ወተቷም ወረደ። አለብኩ፤ መኖዋ ከየት ይመጣል ሌላ? እንዲያ ስናታልላት ሰነበትን።

ከዕለታት በአንዱ እያለብኩ ሳለሁ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«እግዜር ይተካልሽ ልጄ። በልጅ በሀብት ይባርክሽ።» ጠጋ አሉ። «እንደው ለዛሬ ብቻ… እንግዳ መጥቶብኝ… ትንሽ ብትመርቂልኝ።» ዞር ስል ኩባያቸውን ደቅነዋል።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ተነስቼ የተጠቀጠቀውን ቆዳ ከላሟ አፍ ሥር አነሳሁና በሁለት እጃቸው አሸከምኳቸው። ኩባያው ወድቆ ተንከባለለ።

«ይኸው ምራቂዎ» አልኩ።

ሊጥሉት አልቻሉም። ደንግጠው ወደ ቤታቸው መራመድ ጀመሩ። ላሟም ባልዲውን ገፍታ ደፋችና ተከተለቻቸው፤ ክንዳቸው ላይ ያለውን ቆዳ ትልሳለች፣ ክንዳቸውንም ጭምር። እስከ በራቸው እንዲያ ሄዱ። ደፉ ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ፤ አፋቸው ተከፈተ። እኔም እጆቼን አጣጥፌ ምርቃቱን ጠበቅኩ። አልመጣላቸውም።