አራተኛው ጥድ

መቃብሩ ሲቆፈር መምሬ ኃይሌ ነበሩ፤ መስቀላቸውን ይዘው። ቆፋሪው ጋሻው ነበረ። ወንድሙ ተሰማም ነበረ። የሟቿ ልጅ እቴ ብርቄ ነበረች። አምስተኛው እኔ ነበርሁ፤ ብራናዬን ታቅፌ። ያን ቀን ያደረግሁትን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን እጽፈዋለሁ!

እዚህ አንኮበር የደብራችንን የመቃብር ደን የማያውቅ የለም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከጥዱ ጥላ ሥር የሚናፈስበት ሰፊ ግቢ ነው። ፊደል ለብቻዬ ተምሬ የዚህን ደን ታሪክ ልጽፍ ተነሣሁ። ማን የት እንዳረፈ ሽማግሌ እየጠየቅሁ፣ መቃብሩን በጥድ እየቆጠርሁ ጻፍሁ። የእቴ ብርቄን ወንድም «ከምሥራቁ በር አራተኛው ጥድ ሥር» ብዬ ጽፌው ነበር።

እናቱ እመት ድንቄ ከልጃቸው ጎን ለመቀበር ብለው ከመዘዞ መጥተው እዚሁ አረፉ። መቃብሩን ያሳዩኝ ሽማግሌ ሞተዋልና፣ ቦታውን የሚያውቅ እኔ ብቻ! በለቅሶ ቀን ልቤ እንደ ሠርገኛ ዘለለ። እየሮጥሁ ቆጠርሁ፤ አራተኛው ጥድ ሥር ቆምሁ።

«እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉ መምሬ።

«በብራናዬ ተጽፏል፣ አባቴ።»

ጋሻው ዶማውን እያነሣ፣ «በትንሣኤ ቀን ሙታን መንገድ የሚጠይቁት ይህንን ሰው ነው!» ብሎ አሾፈብኝ።

ሁለቱ ወንድማማቾች መቆፈር ጀመሩ። እቴ ብርቄ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «እናቴን ከወንድሜ አገናኘህልኝ።»

ያን ጊዜ አየሁት። ከኋላዋ፣ በመጣንበት በኩል፣ ሣር የዋጠው ጉቶ! ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ የተቆረጠ ጥድ ነው። ስጽፍ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ሳልቆጥረው አለፍሁ። ሦስተኛ ብዬ ያለፍሁት አራተኛው ነበረ።

ጉድጓዱ ገና ከጉልበት አላለፈም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዝም አልሁ። ለምን ዝም አልሁ? ፈርቼ? አይደለም፤ ተመስግኜ ነበርና! እኔ ዝም አልሁ፤ እኔ እያየሁ እናት ከባዕድ ጎን ወረደች።

ትናንት ለካሁት፤ ከልጁ እስከ እናቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ብራናውን አርሜአለሁ፤ መሬቱን ማን ያርመዋል? ምክንያት አላቀርብም።

መምሬ፣ ጋሻው፣ ተሰማ፣ ያጎደልሁት ቢኖር ጨምሩበት። እቴ ብርቄ፣ አንቺም። አስከሬኑ ሲወርድ አንድ ነገር ብለሽ ነበር፤ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ምን ነበር? እኔ የሰማሁት ምስጋናዬን ብቻ ነው።