ንጣፉን ሳይሆን ውሃውን ያከሙት ኢንጂነር ምናለ

ኢንጂነር ምናለ መንገድ ሠሪ አልነበሩም። ባለፈው ሳምንት በደብረ ማርቆስ አርፈው ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም፣ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «ታላቁ መንገድ ሠሪ» እያለ ደጋግሞ ጠራቸው፤ ለቀስተኛውም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔ የረጅም ዘመን ወዳጃቸው ነበርሁ፤ አንድም አዲስ መንገድ ሲሠሩ አላየሁም። እሳቸው፣ ሌሎች ሠርተውት፣ ሪባን ቆርጠውበትና ፎቶ ተነሥተውበት የሄዱት መንገድ ሲታመም የሚያክሙ ሰው ነበሩ። ለሕክምናው ሪባን የሚቆርጥ የለም።

«ትሑት ነበሩ» የተባለውም ልክ አይደለም። ጠባያቸው እሬት ነበር። ደግነታቸውን ያገኘው ሰው መጀመሪያ ቁጣቸውን መቅመስ ነበረበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ከደጀን አለፍ ብሎ ያለው፣ ኮንክሪት የተነጠፈበት የመንገድ ዳገት ተሰነጣጠቀ። አብሬያቸው ሄድሁ። ኢንጂነር ምናለ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ሴቶች ገበያ ላይ እንስራ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት፣ ንጣፉን በመዶሻ እያንኳኩ ያዳምጡ ጀመር። አንዱ ቦታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የሁለት ንጣፎች መጋጠሚያ አጠገብ ግን ባዶ ጋን የተመታ ይመስላል። የመንገድ ጥገና ኃላፊው ዣንጥላ ይዞ ቆሟል።

«ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነን፣ ከላይ አዲስ እንደርብበት» አለ።

«ይህ ቁስሉን ነጠላ ማልበስ ነው!» አሉ ኢንጂነሩ። በዚያው ቅጽበት ከባድ መኪና አለፈ፤ ንጣፉ ረገብ ሲል ከመጋጠሚያው ጥቁር ጭቃ ተፈናጠረና የኃላፊውን ሱሪ አበላሸው። ኢንጂነር ምናለ ሳቁ። «ሆዱ ውስጥ የሌለውን አይተፋም። ውሃ ከሥር ገብቶ አፈሩን እያጠበ ነው። የሚመጣበትን እንፈልግ።»

የሚመጣው ከመንገዱ በላይ ካለው፣ ከሽማግሌው ገበሬ ከአያ ሙሉነህ የጤፍ ማሳ ነበር። የጎጃም ገበሬ ጤፉን ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ውስጥ ፈሰስ ያወጣል፤ የአያ ሙሉነህ ፈሰስ አፉን የከፈተው በቀጥታ ወደ ዳገቱ ነው። ከመንገዱ ዳር ተቀብሎ ሊወስደው የሚገባው ቦይ ደግሞ በደለል ተሞልቷል።

«አያ ሙሉነህ፣ ውሃዎን ለእኛ ነው የሚልኩት?» አሉ ኢንጂነሩ።

«እና ጤፌ ላይ ላስተኛው? ቁልቁል ሲያገኝ ሄደ እንጂ እኔ አልላክሁትም!»

ኃላፊው ፈሰሱ በግድ እንዲደፈን፣ ሽማግሌውም እንዲከሰሱ ፈለገ። ቢደፈን የዓመቱ ጤፍ በስብሶ ይቀራል፤ የአያ ሙሉነህ ቤት ሌላ ማሳ የለውም። ኢንጂነር ምናለ መዶሻቸውን መሬት ላይ ጣሉት። «ይህን ፈሰስ ያወጡት የእኚህ ሰው አባት ናቸው። ኋላ የመጣው መንገዱ ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ ባለቤቱን ‹ውጣ› ይላል? ውሃው መሄጃ ሳያገኝ አንድ አካፋ ኮንክሪት አላፈስም።»

አላፈሱም። አጨዳው ሲያልቅ አያ ሙሉነህ ጎረቤቶቻቸውን በወንፈል ጠርተው ፈሰሱን ወደ ቦዩ መለሱት፤ ቦዩም ተጠርጎ፣ ከዳገቱ ሥር እስካለው ገደል ድረስ በጥልቀት ተቆፈረ። ከዚያ በኋላ ብቻ የተሰበረው ንጣፍ ተቆርጦ ወጣ፤ ሥሩ በጠጠር ተጠቀጠቀ፤ ብረት ገባ፤ ኮንክሪቱ ፈሰሰ። ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ እንዲጠነክር እርጥብ ጆንያ አልብሰውት ጠባቂ ሆነው ተቀመጡ። አንድ ሾፌር መጥቶ ጮኸባቸው።

«ኢንጂነር፣ ደርቋል እኮ! ይኸው ቆምሁበት!»

«እስቲ መኪናህን ተሸክመህ ቁምበት!»

በቀረችው ጠባብ መስመር ለማለፍ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ሾፌሩም ስቆ ሞተሩን አጠፋ።

ያ ዳገት እስካሁን ያልተሰበረው በኮንክሪቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ኢንጂነር ምናለ ጡረታ ወጥተውም በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ይሄዱና ከአያ ሙሉነህ ጋር ቦዩን ይጠርጉ ነበር። «መንገድ የሚሞተው ከሥሩ ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ከላይ ነው» ይሉ ነበር። ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ አልጋ ላይ ነበሩ። አያ ሙሉነህም አርጅተዋል፤ ብቻቸውን አይችሉትም። ከቀብር በኋላ ቦዩን ሄጄ አየሁት። ዳር ዳሩን የተተከሉት አዳዲስ ሱቆች መሸጋገሪያ ብለው ቦዩን በድንጋይና በቆሻሻ ሞልተውታል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጭቃ ታየኝ።

ኢንጂነር ምናለ፣ በሕይወት ሳሉ ውዳሴ ሲቀርብልዎ ያዛጉ ነበርና አላበዛም። ተከራክረን ያልተስማማንበት ብዙ ነገር ቀርቷል፤ በአብዛኛው እርስዎ ልክ ነበሩ፤ ይህንን ሳይሰሙ መሄድዎ ይቆጨኛል። እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ ዘንድ ያሳርፋት። ደኅና ይሁኑ፣ ወዳጄ።

አንተ ሱቅህን በዚያ ዳገት ዳር ያቆምህ አንባቢ፣ ለሐውልታቸው አታዋጣ። ድንጋይህን ከቦዩ ውስጥ አንሣ፤ ዛሬውኑ፣ ዝናቡ ሳይበረታ።