የታሰሩት ስልኮች

የስልክ ጥገና ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ነው። ፈተና ሲደርስ ተማሪዎች ስልካቸውን ሊያሠሩ ሳይሆን ሊያሳስሩ ይመጣሉ። «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ!» ብለው ያስረክቡኛል፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ጎረቤቶቼ «ወህኒ ቤት ከፈትሽ» እያሉ ይስቁብኛል።

ዘንድሮ ከታሰሩት ስልኮች አንዱ የታናሽ ወንድሜ ነበር። እናታችን «ኢንጂነሩ» ነው የምትለው፤ ገና በልጅነቱ የሞተ ሬዲዮ ፈታትቶ ያናገረ ልጅ ነው። እኔም እጄን ያፍታታሁት እሱ ሲነካካ እያየሁ ነው። አሁን ግን ስልኩ ላይ ካቀረቀረ ቀና አይልም። ምግቡ ፊቱ ይቀዘቅዛል። ብትጠሩት «እ?» ይላችኋል፣ በቃ! አምና አንድ ትምህርት ወደቀ፤ ዘንድሮም ከወደቀ መባረሩ ነው። ይህን እናታችን አታውቅም። «መቼ ነው የሚመረቅልኝ?» ባለች ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ።

ራሱ መጥቶ «እትዬ፣ እሰሪልኝ» ሲለኝማ በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። ሰሞኑን ሰው ሆኖ ሰነበተ። አብሮኝ በላ፣ አወራ፣ «ይሄን ብየዳ ማን አስተማረሽ ባክሽ?» እያለ አሾፈብኝ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ግንባሩን ስሜ ሸኘሁት። ብዙም ሳይቆይ ቀና ስል የሱቄ በር ላይ ቆሟል፤ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ምነው? ፈተናው ቀረ እንዴ?»

«ተጀምሯል። እትዬ፣ አንዴ ብቻ ልየው።»

«ስልኩን? አብደሃል እንዴ!»

«ጥያቄውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልገባ አለኝ። እጄ ኪሴን ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዴ አይቼው እመለሳለሁ፣ እናቴ ትሙት!»

«እሷን አትጥራብኝ!»

እጁን ይዤ እየጎተትኩ እስከ ፈተናው አዳራሽ ወሰድኩት። ፈታኙን ለመንኩ፣ አለቀስኩ። «አንዴ የወጣ አይገባም» አለና በሩን ዘጋብን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሱቅ ስንመለስ እጁን ዘረጋ። ከዚህ ወዲያ ምኑን ልጠብቅለት? መሳቢያውን ከፍቼ ሰጠሁት። የደንበኞች መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮ ከፈተና አቀረቀረ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ የእናታችን ስም ነው። በጣቱ ገፋ አደረጋትና ወደ ቪዲዮው ተመለሰ።

ቀጥሎ የኔ ጮኸ።

«ኢንጂነሬ ዘጋብኝ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። «እስካሁን ፈተናውን እየጻፈ ነው አይደል?»

አጠገቤ ሆኖ ለብቻው እየሳቀ ነበር።